280ዜድ ሲሞቅ የዘይት ግፊቱ ይወርዳል፤ ፓምፑን ልክፈተው ወይስ ተው ትሉኛላችሁ?

1. ዜዷ76 (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለቤቱ! እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ቸግሮኝ ነው የጻፍኩት።

መኪናዋ የ1976 ዳትሰን 280ዜድ ናት። ሞተሯ ኤል28፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ። ከገዛኋት ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከኔ በፊት ስንት እጅ እንደገባባት ፈጣሪ ይወቀው። ቀለሟ ቡናማ ስለሆነ ባለቤቴ "ጀበናዋ" ትላታለች።

ችግሩ ይሄ ነው። ጠዋት ቀዝቅዛ ስትነሳ የዘይት ጌጁ ከመሃል በላይ ይቆማል። ቤልትዌይ (የዋሽንግተን ቀለበት መንገድ) ላይ ግማሽ ሰዓት ነድቼ ወጥቼ ቀይ መብራት ላይ ስቆም ግን መርፌው ቀስ እያለ ይተኛል። ነዳጅ ስረግጥላት ይነሳል፣ ግን እንደ ጠዋቱ አይደለም። የሚያንኳኳ ድምፅ የለም። ከላይ የምትሰማው ጠቅ ጠቅ የቫልቮቹ ናት፤ ስገዛትም ነበረች።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውዬው ኮፈኗን እንኳ ሳይከፍት "ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ" አለኝ። ዋጋውን ስሰማ እንደ መርፌው እኔም ልተኛ ነበር።

ፓምፑን ራሴ ፈትቼ ላድሰው አስቤያለሁ። ፍሬን ሸራ ቀይሬ አውቃለሁ፣ ካንዴላ ቀይሬ አውቃለሁ። ከዚያ አላለፍኩም። ምን ትላላችሁ?

2. ዱባይ_ናፍታ

ወንድሜ አትጨነቅ። 20ደብሊው-50 ወፍራም ዘይት ገልብጥባት፣ አለቀ። እኛ እዚህ በበጋ ሙቀት ሌላ ምን እናደርጋለን?

በነገራችን ላይ ዳትሰን ከመቼ ጀምሮ ነው ስፖርት መኪና የሆነችው? እኛ ሰፈር ሽንኩርት ነበር የምትጭነው።

3. ጋሽ ካቻቢቴ (አዲስ አበባ)

ዱባይ፣ አፍህን ያዝ። በ1971 እና በ1973 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈችው 240ዜድ ናት። በጭቃና በአቧራ፣ በኬንያ መንገድ። የ73ቱን የነዳው ሼካር ሜህታ ነበር። የዚህ ልጅ መኪና የሷ ታናሽ እህት ናት። ሽንኩርት የጫነችው ሌላዋ ዘመዳቸው ናት፤ እሷንም ቢሆን አትናቃት።

አሁን ወደ ልጁ። ስማኝ ልጄ፣ ምንም ነገር አትፍታ። መጀመሪያ ለካ። ዳሽቦርድህ ላይ ያለው ጌጅ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ሞተሩ ጎን ላይ ያለችው ሴንሰር ናት የምትነግረው። እሷ ደግሞ ካልተቀየረች ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ለሃምሳ ዓመት ሽማግሌ ወሬ ሞተር አይወርድም። ሴንሰሯን አውጣና በቦታዋ መካኒካል ጌጅ ግጠም፤ ዘይቱ ራሱ በቱቦ መጥቶ መርፌውን የሚገፋውን ዓይነት። ሞተሩን በደንብ አሙቀው። ከዚያ ሁለት ቁጥር አምጣልኝ፦ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) ስንት፣ በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ስንት።

ዘይቱንም አሁን አታወፍረው። ወፍራም ዘይት መርፌውን ከፍ ያደርግልሃል፣ በሽታውን ግን ይደብቅብሃል።

4. ዜዷ76

ጋሼ፣ እሺ። ጌጁን ዛሬ ገዛሁ። ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ተዋረድኩ።

ከጌጁ ጋር የመጣው ማያያዣ በአሜሪካ ጥርስ የተቆረጠ ነው። የመኪናዋ ቀዳዳ የጃፓን ነው። በዓይን ሲያዩት አንድ ናቸው። አንዱ በኢንች 27 ጥርስ፣ አንዱ 28። እኔ በምን ልወቅ? ሁለት ዙር ገብቶ ነከሰ። "ቆሻሻ ይሆናል" ብዬ ትንሽ ልገፋው ስል የሆነ ነገር እጄን ያዘኝና አቆምኩ። ተመስገን ነው። ትንሽ ብገፋው የሞተሩን ጥርስ እበላው ነበር። ትክክለኛውን ማያያዣ አዝዣለሁ።

5. ጋሽ ካቻቢቴ

እጅህን የያዘህ ነገር ይክበር ይመስገን። በእጅ ያልገባ ብሎን በቁልፍ አይገባም።

6. ዜዷ76

ማያያዣው መጣ፣ ገጠምኩት። አርባ ደቂቃ ነድቼ መለስኳት።

በሚኒሞ፣ 800 ዙር ላይ፦ 6 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)።
በ3,000 ዙር፦ 27።

ጠዋት ቀዝቅዛ 60 ነበረች። ስለዚህ ጌጁ አልዋሸም። አሁን ፈራሁ።

7. ስቶክሆልም_ቮልቮ

አትፍራ። ፓምፑ ላይ የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ አለ። ውስጡ ሞላ አለች። ከሞላዋ ጀርባ አንድ ሁለት ቀጭን ሮንዴላ ብታስገባ ግፊቱ ይወጣል። የአጎቴ ልጅ እንደዚያ አድርጎ ሁለት ዓመት ነድቷል።

8. የቶርኖዋ ልጅ (አዲስ አበባ)

የአጎትህ ልጅ ይባረክ፣ ግን ይሄ እዚህ አይሠራም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ቶርኖ ቤታችን በየሳምንቱ አንድ ሰው ይሄንኑ ይዞ ይመጣል።

ቫልቩ ሥራው ግፊት ሲበዛ መክፈትና ትርፉን ዘይት መመለስ ነው። ሞላዋ የምትወስነው ጣሪያውን ብቻ ነው። ሚኒሞ ላይ 6 ፒኤስአይ ሲሆን ቫልቩ ጭራሽ አይከፈትም፤ ተዘግቶ ተቀምጧል። የተዘጋ በር ላይ ሌላ ቁልፍ ብትጨምርበት ምን ይለወጣል? ሮንዴላዋ የምትጨምረው ጠዋት በቀዝቃዛ ዘይት ያለውን ግፊት ነው። እሱ ደግሞ ሲበዛ ፊልትሮ ያፈነዳል።

አንድ ነገር ሲቀር። ቫልቩ ቆሻሻ ነክሶ ክፍት ከቀረ ሚኒሞም ላይ ዘይቱ ያመልጣል። ያን ጊዜ ግን መድኃኒቱ ሮንዴላ አይደለም፣ ማጽዳት ነው።

ፓምፕ ደግሞ ግፊት አይሠራም። ዘይት ይገፋል፣ በቃ። ግፊቱ የሚመጣው ዘይቱ መውጫ ሲያጣ ነው። የግቢ ጎማ ጫፉን በአውራ ጣትህ ስትይዘው እንደሚረጨው ማለት ነው። ሞተር ውስጥ አውራ ጣቱ ብሮንዚኖቹ (ዘንጉ የሚዞርባቸው ተሸካሚ ብረቶች) ናቸው። ስለዚህ ግፊት ሲወርድ ወይ ገፊው ደክሟል፣ ወይ አውራ ጣቱ ላልቷል፣ ወይ መሃል ላይ የሚያፈስ አለ።

9. ዜዷ76

እህቴ፣ እንደዚህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም። ታዲያ ፓምፑ ይሁን ብሮንዚኑ በምን ልለይ?

10. የቶርኖዋ ልጅ

አሮጌውን የዘይት ፊልትሮ ቁረጠው። በመጋዝ አይደለም፣ መጋዙ ራሱ ብረት ያራግፍበታል። ቆርቆሮ መቁረጫ ተጠቀም። ወረቀቱን አውጥተህ ነጭ ነገር ላይ ዘርጋና ፀሐይ ላይ እየው። ብሮንዚን ካለቀ ያብለጨልጫል፤ እንደ ብር ብናኝ። የመዳብ ቀለም ካየህ ሥራው ሌላ ነው።

11. ጋሽ ካቻቢቴ

ትክክል ብላለች። እኔ የምጨምረው፦ የዚች ሞተር ፖምፓ ከውጭ ነው የተንጠለጠለው። ከፊት፣ ከታች፣ በቀኝ በኩል፣ በአራት ብሎን። ብዙ ሞተር ላይ ወይ ኦይል ፓኑን (ታች ያለውን የዘይት ገንዳ) ታወርዳለህ ወይ ፊቱን ሁሉ ትፈታለህ። ኤል ሞተር ላይ ግን ጀርባህ ላይ ተኝተህ ታወጣዋለህ። ስለዚህ ተጠርጣሪው በር ላይ ቆሞ ሳለ ቤት አትፈትሽ። እሱን መጀመሪያ ፍታ።

12. ዜዷ76

ፊልትሮውን ቆረጥኩ። ሚስቴ የኬክ ትሪዋን ስታይ ምን እንዳለችኝ አልጽፍም።

የሚያብለጨልጭ የለም። ዘይቱ ንጹሕ ጥቁር ነው። ግን በወረቀቱ እጥፋት መሃል ብርቱካናማ ነገር አገኘሁ። እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ትልቁ የምስር ክክ ያህላል፣ ሌሎቹ ክር ክር ናቸው። ስድስት ቆጠርኩ።

13. ጋሽ ካቻቢቴ

ሲሊኮን! ከአንተ በፊት አንዱ ጀግና ጋስኬት ትቶ ሲሊኮን ቀብቶበታል። ጠርዝ ላይ ሲቀባው ግማሹ ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ይወጣል። የውጩን ይጠርገዋል፤ የውስጡ ደርቆ ተቆርጦ ዘይት ውስጥ ይዋኛል። ፊልትሮ የደረሰው ስድስት ከሆነ ያልደረሰው የት እንዳለ ገምት። ዘይቱ መጀመሪያ ፖምፓ፣ ከዚያ ነው ፊልትሮ የሚያየው።

ፍታው። ግን ከመፍታትህ በፊት አንድ ቁጥር ሲሊንደርን ላይ አምጣው፣ ኮምፕሬሽን ላይ። ካንዴላዋን አውጥተህ ጣትህን ቀዳዳው ላይ አድርግ፤ ፑሌውን በቁልፍ ስታዞር ጣትህን የሚገፋህ እሱ ነው። ዝም ብለህ የፑሌውን ምልክት ብቻ ካየህ በጭስ መውጫው ዙርም ምልክቱ ይገጥማል። ምልክቱን ዜሮ ላይ ካደረግህ በኋላ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ትልቁ ዘንግ) እንዳይነካ።

14. ዜዷ76

ቅዳሜ ሙሉ ቀን ታች ነበርኩ። እንዳለ ልጻፈው፣ ሌላም ሰው ይጠቀምበት።

መኪናዋን በክሪክ አንስቼ መቆሚያ ላይ አስቀመጥኳት። ዘይቱን አፈሰስኩ። አንድ ቁጥርን በጣት አገኘሁት። ዲስትሪቢዩተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) ከማውጣቴ በፊት በስልኬ ሃያ ፎቶ አነሳሁ፤ በኋላ ሃያውም አነሱኝ። ከታች ያለውን የጭቃ መከላከያ ቆርቆሮ ፈታሁ፣ የፊቱን ስታቢላይዘር ባር ዝቅ አደረግሁ። አራቱን ብሎኖች ሳወጣ የትኛው ከየት እንደወጣ ካርቶን ላይ ሰካሁ።

ፓምፑ ሲወርድ ብቻውን አይደለም። ረጅሙ ዘንግ አብሮት ይመጣል፤ ታች ፓምፑን፣ ላይ ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረው። ይሄን ያነበብኩት ቢሆንም "ፈሰሰ" ያልኩት ዘይት ሌላ ግማሽ ብርጭቆ እንዳለው ማንም አልነገረኝም። በእጅጌዬ ገብቶ ብብቴ ደረሰ።

ሽፋኑን ከፈትኩ። ውስጡ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ባለ አራት ጥርስ ትንሽ ሮተር፣ እሱ የሚዞርበት ባለ አምስት ጎድጓዳ ትልቅ ሮተር። ይሄ ነው ሞተሩን በሕይወት የሚያኖረው? አንድ እፍኝ ብረት!

በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩበት ስስ ብረት) የለካሁት ይሄ ነው፤ በቅንፍ ያለው በአምራቹ የጥገና መጽሐፍ የተሰጠው የመጨረሻ ገደብ ነው።

በሁለቱ ሮተሮች ጫፍ መሃል 0.27 ሚሊ ሜትር (0.20)።
በትልቁ ሮተርና በአካሉ መሃል 0.24 (0.50)።
በሮተሮቹና በሽፋኑ መሃል 0.16 (0.20)። ግን ሽፋኑ ላይ ጥፍሬን የሚይዝ ክብ ጭረት አለ፤ እንደ ሸክላ ሙዚቃ መስመር።

ከዚያ ጎን ላይ ያለውን ቫልቭ ፈታሁ። ቡሹ ወጣ፣ ሞላዋ ወጣች፣ ትንሿ ፒስተን ግን አልወጣችም። በእንጨት ዱላ ጫፍ ነካ ነካ ሳደርጋት ወጣች። ከጎኗ ምን ተጣብቆ አገኘሁ? ብርቱካናማ። ተጨፍልቆ እንደ ወረቀት ሳስቷል፤ ፒስተኗን ከመቀመጫዋ በጥቂቱ አንስቶ ይዟታል።

15. የቶርኖዋ ልጅ

ሁለት በሽታ ነው ያገኘኸው። ቫልቩ በትንሹ ክፍት ነበር፣ ሮተሩም አልቋል። አንዱን ብቻ ብታክም ኖሮ ግማሽ ይሻልሃል፣ ትደሰታለህ፣ ከስድስት ወር በኋላ ትመለሳለህ።

የጫፉን 0.27 ማንም አያድነውም። ጥርስ ካለቀ አለቀ። ሮተሮቹ ጥንድ ናቸው፣ አብረው ይቀየራሉ። የአንዱን ፓምፕ ትንሽ ከሌላው ትልቅ ጋር እንዳታጋባ። ሽፋኑን ግን ራስህ ታድነዋለህ፤ ፓምፕ ወይ ሮተር ስታገኝ ንገረኝ፣ እነግርሃለሁ።

16. ዱባይ_ናፍታ

ሽንኩርት ያልኩትን አንስቻለሁ። ውይይቱን እየተከታተልኩ ነው፤ ሥራ ላይ ተደብቄ።

ለምን የ280ዜድኤክስ (ከዚች ቀጥላ የመጣችው) ቱርቦውን ፓምፕ አትገጥምም? እዚህ አንድ ልጅ "ቀጥታ ይገባል፣ ዘይትም ብዙ ይገፋል" አለኝ።

17. ጋሽ ካቻቢቴ

ይገባል፣ እውነት ነው። ብዙ ሰው አድርጎታል። ኤል28 ስለሆነ ያው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ግን ልጄ፣ ቱርቦ የሌለው፣ ውድድር የማይገባ ሞተር ትርፍ ዘይት ምን ያደርግለታል? ትርፉን ቫልቩ መልሶ ያፈሰዋል። ብሮንዚን የላላ እንደሆነ ይረዳል፤ የአንተ ግን አላብለጨለጨም። በርካሽ ካገኘኸው ግጠም፣ ካላገኘኸው አታሳድደው።

18. ዜዷ76

አላሳደድኩም፣ ግን ሌላ ነገር አሳደደኝ። ኢንተርኔት ላይ "ታድሷል" የተባለ ፓምፕ አዘዝኩ። ስሙን አልጠራም። ቀለሙ ያምራል፣ እንደ ሙሽራ ነው የመጣው። ከፍቼ ለካሁት፦ ጫፉ 0.22። ገደቡን ያለፈ! የታደሰው ቀለሙ ብቻ ነው። መልሼ ላክሁት። ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሆን ሳልከፍት እገጥመው ነበር።

ከዚያ አሮጌ መኪና የሚበትኑበት ግቢ ከ280ዜድኤክስ ላይ የወጣ አንድ ፓምፕ አገኘሁ። ቱርቦ ያልሆነውን። ውጩ ቆሽሾ ለማየት ያስጠላል። ሮተሮቹን ስለካ ጫፋቸው 0.10። አላመንኩም፤ ሦስቴ ለካሁት። የቫልቩ ቀዳዳ ግን ውሃ ገብቶት ዝጎ ተበልቷል። ስለዚህ ሮተሮቹን በጥንድ አውጥቼ የኔው አካል ውስጥ ከተትኳቸው። ከአካሉ ጋር ያለው ክፍተት 0.20 ሆነ። ከሁለት ሽማግሌ አንድ ጎረምሳ ላወጣ ነው።

እህቴ፣ ሽፋኑን ልቀጥል?

19. የቶርኖዋ ልጅ

ቀጥል። ወፍራም መስታወት ፈልግ። የጠረጴዛ መስታወት ይሆናል፣ የመስኮት ግን ይተጣጠፋል። የብርጭቆ ወረቀት 400 ቁጥር መስታወቱ ላይ ዘርጋ፣ ዘይት ወይም ናፍታ ጠብ አድርግበት። ሽፋኑን በፊቱ ደፍተህ ስምንት ቁጥር እየሠራህ አሽከርክረው። አትጫነው፤ ክብደቱ ይበቃዋል። በየሃያ ዙሩ ሩብ እያዞርክ ያዘው፣ አለበለዚያ እጅህ የሚከብድበት ጎን ይጎደጉዳል። መጀመሪያ በማርከር ፊቱን ሁሉ አሰማምረው፤ ማርከሩ እኩል ሲጠፋ ፊቱ እኩል ሆኗል ማለት ነው። ከዚያ 600፣ ከዚያ 1,000።

ስትጨርስ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠበው። በቤንዚን ብቻ አይደለም። የወረቀቱ አሸዋ ቀዳዳ ውስጥ ከቀረ አዲሱን ሮተር በአንድ ቀን ነው የሚበላው።

የቫልቩን ፒስተንም በ1,000 ወረቀት በዘይት እንደ ሻማ እያዞርክ አለስልሳት። ፈተናው ቀላል ነው። ቀዳዳውን ዘይት ቀብተህ አቁመው፣ ፒስተኗን ልቀቃት። በራሷ ክብደት ሳትነክስ እስከ ታች ከወረደች በቂ ነው።

ሽፋኑ ላይ ወፍራም ጋስኬት ቆርጠህ እንዳታስገባ። የወፈረውን ያህል ክፍተቱን ትመልስለታለህ፤ የለፋህበት ሁሉ ገደል ገባ።

20. ስቶክሆልም_ቮልቮ

ሲሊኮን ትንሽ ቢቀባስ?

21. ጋሽ ካቻቢቴ

ይሄን ልጅ አንድ ሰው ያዝልኝ።

22. ዜዷ76

ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ጭረቱ ጠፋ፤ የሽፋኑ ፊት እንደ ደመናማ መስታወት ሆነ። አሁን ከሮተሮቹ እስከ ሽፋኑ 0.07 ነው። ፒስተኗን አቁሜ ለቀቅኳት፣ "ጥስስ" ብላ ወርዳ "ቲክ" አለች። ልጄን ጠርቼ አሳየሁት። አንዴ አይቶ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ኦይል ፓኑንም አወረድኩት። ሞተሩን ትንሽ ከፍ አድርገን፣ ጎረቤቴ እያገዘኝ። ስለሱ ባልጽፍ ይሻላል። መምጠጫው ወንፊት ላይ ብርቱካናማው ሩቡን ያህል ሸፍኖት ነበር። አጸዳሁት። የፓኑንም ጠርዝ ጠርጌ በትክክለኛው ጋስኬት ዘጋሁ።

23. ጋሽ ካቻቢቴ

ጎበዝ። አሁን አገጣጠሙን ስማ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ደረቅ ፖምፓ አይገጠምም። ደረቅ ከሆነ አየር እያላመጠ ይዞራል እንጂ ዘይት አይስብም፤ በዚያ መሃል ብሮንዚን ይቃጠላል። ውስጡን በሞተር ዘይት ሙላው። ተዘቅዝቆ ይፈስብኛል ካልክ ሮተሮቹን በቫዝሊን ጠቅጥቃቸው። ሲሞቅ ቀልጦ ከዘይቱ ጋር ይሄዳል። ግሪስ ግን አይሆንም፤ አይቀልጥም፣ ሄዶ ቱቦ ይዘጋል።

ዘንጉ ላይ ነጥብ አለ፣ ፖምፓው ላይ የዘይት ቀዳዳ አለ። ሁለቱን አፋጥጣቸው። ስትገፋው የዘንጉ ጥርስ ጠመዝማዛ ስለሆነ እየገባ ይዞራል። ስለዚህ አንዴ ሙሉ አስገባና ምን ያህል እንደዞረ እይ፤ ከዚያ አውጥተህ ያን ያህል አስቀድመህ ጀምር። ሲጨርስ በዲስትሪቢዩተሩ ቀዳዳ ከላይ እይ። የዘንጉ ምላስ 11 ሰዓት ከ25 ላይ መቆም አለበት። በፈረንጅ ሰዓት! በኛ ቆጥረህ ሁለቱንም አምስት ላይ እንዳታደርግ። ምላሷ ከ11 ወደ 5 የምትሄድ መስመር ናት። መስመሯ ክቡን እኩል አትከፍልም፤ አንዱ ወገን ጠባብ ጨረቃ፣ አንዱ ሰፊ ነው። ጠባቡ ወደ ፊት።

24. ዜዷ76

ገጠምኩ። እንዳትነሳ የኮይሉን ሽቦ ነቅዬ በሞተሪኖ (በማስነሻ ሞተሩ) ብቻ አዞርኳት፤ አሥር ሰከንድ፣ እረፍት፣ አሥር ሰከንድ። በሦስተኛው መካኒካል ጌጁ ንቅንቅ አለ፣ ከዚያ 40 ደረሰ! ጮህኩ።

ሽቦውን መልሼ አስነሳኋት። አልተነሳችም። በቤንዚን ሽታ "ፓ!" ብላ አስነጠሰች። ድጋሚ "ፓ!" የጎረቤት ውሻ እስካሁን ይጮሃል።

ምን አጠፋሁ?

25. ጋሽ ካቻቢቴ

በሞተሪኖ ስታዞራት ኮሎው ቦታውን ለቋል፤ አንድ ቁጥርን በጣት ዜሮ ላይ መልሰው። ከዚያ ምላሷ የት ቆማለች? ፎቶ ላክ።

26. ዜዷ76

ልኬያለሁ። 11 ከ25 ይመስለኛል...

27. ጋሽ ካቻቢቴ

ይመስልሃል። ፎቶህ ላይ 12 ልትሆን አንድ ጣት ቀርቷታል። አንድ ጥርስ ዘልለሃል። ጨረቃው ግን በትክክል ወደ ፊት ነው፣ እግዜር ይስጥህ። ዲስትሪቢዩተሩን በማዞር ላካክሰው እንዳትል፤ አውርደው። ኮሎው ዜሮ ላይ መሆኑንም ደግመህ በጣት አረጋግጥ።

28. ዱባይ_ናፍታ

ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ሆነው በፎቶ አንድ ጥርስ አዩ?! ቡና ካለ እኔም ልምጣ።

29. ዜዷ76

አወረድኩት። ጋስኬቱ ተቀደደ፣ ሌላ ገዛሁ። ዘይቱ አሁንም ብብቴ ገባ፤ መንገዱን ለምዶታል።

በአራተኛው ሙከራ ምላሷ መስመሯ ላይ ተቀመጠች። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ታይሚንጉን በመብራት አስተካከልኩ። 10ደብሊው-40፣ ዚንክ ያለበት ዘይት ነው የሞላሁት (ቀድሞ 10ደብሊው-30 ነበር)፤ የዚህ ሞተር ሮከሮች ካምሻፍቱ ላይ የሚንሸራተቱ ስለሆኑ ዚንኩ ያስፈልጋቸዋል።

አርባ ደቂቃ፣ ያው መንገድ፣ ያው ቀይ መብራት።

በሚኒሞ፦ 19።
በ3,000 ዙር፦ 54።

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ጌጁን ሳይ ከኋላዬ ጡሩንባ ነፉብኝ።

30. የቶርኖዋ ልጅ

እልልል! ዘይቱ ከ10ደብሊው-30 ወደ 10ደብሊው-40 መወፈሩም ጥቂቱን ሰጥቶሃል፣ ሁሉንም ለፓምፑ አትስጠው። ግን ከ6 ወደ 19 ዘይት ብቻውን አያደርሰውም።

31. ስቶክሆልም_ቮልቮ

እንኳን ደስ አለህ። ለአጎቴ ልጅ ደወልኩለት። ሮንዴላዋን አወጣለሁ ብሏል።

32. ጋሽ ካቻቢቴ

500 ማይል ስትነዳ ዘይቱን ቀይርና ፊልትሮውን ቁረጥ። ብሎክ ውስጥ የቀረ ሲሊኮን ካለ ያኔ ይወጣል። የዛገውን የ280ዜድኤክስ ፖምፓ አካልም አትጣል፣ ቡሹና ሞላው ለሌላ ሰው ይሆናል።

33. ዜዷ76

ከስድስት ሳምንት በኋላ፦ 540 ማይል ነዳሁ። ፊልትሮውን ቆረጥኩ፤ በራሴ ትሪ ነው፣ አንድ ገዝቼያለሁ። ሁለት ብርቱካናማ ክሮች፣ ሁለቱም ከጥፍር ጫፍ ያነሱ። ሌላ የለም። ሚኒሞ ላይ አሁንም 18 እና 19 መሃል ናት። በ1,500 ማይል ደግሜ ቆርጬ እጽፋለሁ።

ጋሼ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መርፌ ግን አሁንም ቀይ መብራት ላይ ሊተኛ ይሞክራል። መካኒካሉ 19 ሲል እሱ ባዶ ይላል። አዲስ ሴንሰር አዝዣለሁ፣ በ28 ጥርስ።